ትንፋሽ አስተማሪው

ሰው የራሱን ትንፋሽ ሰምቶ ያውቃል? ባዩሽ ሽበሺ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትተነፍስ ኖራ አንድም ቀን አልሰማችውም ነበር። የሰማችው በ1976 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ጋሞ ጎፋ ውስጥ ሴቻ ከሚባለው ሰፈር ገደል አፋፍ ካለችው ሾላ ሥር ጫማዋን አውልቃ ሰሌን ላይ የተቀመጠች ዕለት ነው።

«ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለ ማቴዎስ። «ምንም አትሥሩ። ሲገባና ሲወጣ ብቻ ተከታተሉት።»

መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ሳቁ ሲያልፍላት ግን ከውስጧ አንድ ነገር ሲሄድና ሲመለስ ሰማች፤ ማንም ሳያዘው፣ ተኝታም ነቅታም ሲያገለግላት የኖረ ነገር። «በስመ አብ!» አለች በልቧ። «ይሄ ሁሉ ሲሆን እኔ የት ነበርኩ?» ዓይኗን ስትገልጥ ፀሐይ ወጥታለች። ከገደሉ በታች ዓባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት ኮረብታ ጋደም ብሏል። ይህን ሁሉ አሥራ ሁለት ዓመት ከቤቷ፣ ኋላም ከቢሮዋ መስኮት ስታየው ኖራለች። ያን ዕለት ግን ገና አሁን የተፈጠረ መሰላት። ዞር ስትል ማቴዎስ እያያት ነበር፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ ሐይቁ መለሰ። እሷም ወደ ሐይቁ መለሰች። ሐይቁ የዚያን ዕለት ብዙ ተመለከቱት።

ማቴዎስ የኦቾሎ ሸማኔ የአቶ ዳልጮ ልጅ ነው። ሥራው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ረዳትነት ቢሆንም የሴቻ ሰው «ትንፋሽ አስተማሪው» እያለ ይቀልድበታል። ትምህርቱን ያገኘው ሚስተር ቫሱ ከተባለ ሕንዳዊ የሒሳብ መምህር ነው። አቶ ዳልጮ ሠላሳ ዓመት እግራቸውን ጉድጓድ ከተው፣ ሸማው ላይ አጎንብሰው ሲሸምኑ ጀርባቸው ተቆልምሞ ቀርቶ ነበር። ሕንዱ አይቶ ዝም አላለም። ሰሌን አስነጥፎ በሆዳቸው አስተኛቸው፤ የሰሊጥ ዘይት ለብ አድርጎ ወገባቸውን አሸ፤ ከዚያ ደረታቸውን ከመሬት ቀስ እያደረጉ እንዲያነሡ በየቀኑ አለማመዳቸው። ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል የነበረው ማቴዎስ አስተርጓሚ ነበር። በሦስተኛው ወር ሰውዬው የሸመኑትን ተሸክመው ቀጥ ብለው ገበያ ወረዱ፤ ማቴዎስም ከሕንዱ እግር ሥር ሳይነሣ ቀረ።

«በአገራችን ይህን እውቀት አዩርቬዳ እንለዋለን» ይለው ነበር ሚስተር ቫሱ። «የሕይወት እውቀት ማለት ነው። የምትበላው፣ የምትተኛበት ሰዓት፣ የምታስበው፣ የምትተነፍሰው፤ ሁሉም መድኃኒት ነው፣ ሁሉም መርዝ ነው። ዮጋው ደግሞ ሥጋህንና ሐሳብህን አንድ ቦታ የሚያስቀምጥልህ ነው።» አንድ ቀን እነማቴዎስ ጓሮ፣ ጋሞ ሁሉ ቅጠሉን ቀቅሎ የሚበላውን የሀለኮ ዛፍ ያየ ጊዜ ግንዱን አቅፎ «ይሄ የእናቴ ጓሮ ዛፍ ነው!» ብሎ አለቀሰ ይባላል። ኮንትራቱ አልቆ ሲሄድ ሰሌኑንና በእጁ የጻፈውን ደብተር ለማቴዎስ ትቶለት ሄደ።

የባዩሽ አባት አቶ ሽበሺ የደብረ ማርቆስ ሰው ናቸው። በሥራ ዝውውር ጋሞ ጎፋ ገብተው፣ የቢሮ ኃላፊ ሆነው፣ እዚያው ጡረታ ወጡ። አስማቸው የቆየ ነው፤ የባሰባቸው ግን አንድ ወንድ ልጃቸው አስናቀ በ74 ናቅፋ ግንባር ላይ ከወደቀ በኋላ ነው። አላለቀሱም። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ብለው ተቀመጡ፤ ከዚያ ጀምሮ ደረታቸው ያፏጫል። የሐኪሙ ኪኒን ያስታግሳል እንጂ ሲሻላቸው አልታየም። ባዩሽ ስለ ማቴዎስ ከቢሮ ጓደኞቿ የሰማችውን ይዛ ስትነግራቸው ከት ብለው ሊስቁ ሲሉ ሳል ያዛቸው።

«የሸማኔ ልጅ ነው ትንፋሽ የሚያስተምረኝ? ስወለድ የተማርኩትን! ደግሞ ቅጠል ብላ ይለኛል አሉ፤ ፍየል አደረገኝ?»

የቸገረው ምን አያደርግም፣ በዚያ ጥቅምት ባዩሽን አስከትለው ሄዱ። ማቴዎስ ያላቸው መጀመሪያ ነገር «ጋሼ፣ ኪኒንዎን እንዳያቋርጡ። ይሄ ከሐኪሙ ጋር ነው እንጂ በሐኪሙ ፈንታ አይደለም» የሚል ነበር። ጆሮውን ጀርባቸው ላይ አስጠግቶ ካዳመጠ በኋላ ደግሞ «የርስዎ ችግር ማስገባት አይደለም፣ ማስወጣት ነው። ያልወጣ ላይ ምን ይገባል?» አላቸው። በሦስተኛው ሳምንት፣ ማቴዎስ እየቆጠረ ትንፋሻቸውን ሲያስወጣቸው፣ አቶ ሽበሺ ከትንፋሹ ጋር አንድ ቃል አወጡ፤ «አስናቀ።» ከዚያ እንባቸው ወረደ። ባዩሽ የአባቷን እንባ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሌላው ሁሉ ሲያፈጥ ማቴዎስ ፊቱን ወደ ሾላዋ አዙሮ፣ አንድ ትልቅ ሰው ለብቻው እንዲያለቅስ ተወው። የወደደችው ያኔ ነው። ቀኑን ንገሪን ብትባል፣ ሰዓቱን ሳይቀር ትናገራለች።

ይህ ሁሉ ደስ ደስ ሲል ደብዳቤው መጣ።

ማቴዎስ አፉ ስለማይታዘዝለት ጽፎ፣ ለአባቷ ከሚልከው የተወቀጠ ዝንጅብል ጋር አብሮ ጠቀለለው። «ባዩሽ» ይላል፤ «ለሌላው ሁሉ ዓይናችሁን ጨፍኑ እላለሁ፤ እኔ ግን አንቺ ካለሽ መጨፈን አልችልም። የሸማኔ ልጅ መሆኔን አውቃለሁ። ቤተሰቤና ቤተሰብሽ በማዕድም በጸሎትም እንደማይገናኙ አውቃለሁ። ቢሆንም ዕድሜዬን ካንቺ ጋር ልኖር እጠይቅሻለሁ። እምቢ ካልሽ ሰሌንሽ ቦታው ላይ ይቆይሻል፤ አባትሽም እስኪሻላቸው ድረስ እኔ አልጎድልም።»

ዝንጅብሉን ሊያፈሉ የፈቱት አቶ ሽበሺ ናቸው።

አንብበው ሲጨርሱ ዝንጅብሉን ወዲያ ገፉት። «ለካስ ደረቴን የሚዳብሰው ወደ ልጄ መንገድ ሲፈልግ ነው! ቆይ፣ ልኩን አሳየዋለሁ።» ባዩሽ ደብዳቤውን ከእጃቸው ወሰደች እንጂ መልስ የምትልክበት ፋታ አላገኘችም። በማግስቱ አቶ ሽበሺ ሾላዋ ሥር ሳይሄዱ ቀሩ፤ እሷንም ከደጅ መለሷት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሴቻ ሙሉ የሚያወራው አንድ ወሬ ነበር፤ የቀበሌ ጥበቃዎች ሾላዋን ከበው ትንፋሽ አስተማሪውን ይዘውታል።

ክሱ የተከለከለ ጸሎት ማካሄድ ነው። በዚያ ዓመት የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ታሽጎ፣ ምእመናኑ ጫካ ለጫካ እየተሰበሰቡ ይጸልዩ ነበር። እንግዲህ ሰባት ሰው ጎህ ሳይቀድ ጫማ አውልቆ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ቢል ጥበቃው ምን ይበል? ዓይኑን ጨፍኖ የማይጸልይ ሰው በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ጉዱ ደግሞ ይህ ብቻ አልነበረም። ማቴዎስ ራሱ ጴንጤ ነው፤ የገዛ ጉባኤው ሽማግሌዎች ከወር በፊት ጠርተው «ዓይን ተጨፍኖ የጌታ ስም የማይጠራበት ይህ ምን ዓይነት ነገር ነው? መንፈስ መጥራት ነው!» ብለው ገሥጸውት ነበር። ቀበሌው ጸለይክ ብሎ፣ ጉባኤው አልጸለይክም ብሎ ከሰሰው።

ባዩሽ ይህን ሁሉ አላሰበችም። ያሰበችው የአባቷን «ልኩን አሳየዋለሁ» ብቻ ነው። በተያዘ በማግስቱ ጠዋት ፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ አስያዙት?»

አቶ ሽበሺ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «እንዲህ ነው የምታውቂኝ?»

«አፍነው የያዙትን እንባ ያወጣልዎትን ሰው! አስናቀን እንኳ ስሙን መጥራት የቻሉት በእሱ አይደለም?»

አላደረግሁም ሊሉ ይችሉ ነበር። ኩራታቸው አልፈቀደም። በልጁ ፊት እንደ ተከሳሽ ቆሞ ራሱን የሚከላከል አባት በእሳቸው አገር አልነበረም። ኮታቸውን ለብሰው ሊወጡ በሩን ሲከፍቱ፣ ደጃፉ ላይ አቶ ዳልጮ ተንበርክከዋል። ሌሊቱን ከኦቾሎ ሲወርዱ ያደሩ ናቸው። በሁለት እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል።

አቶ ሽበሺ ጋሞ ምድር አሥራ ሁለት ዓመት ኖረዋል። ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ፣ ጦር ይዞ የመጣም ቢሆን እሱን ተሻግሮ እንደማይሄድ ያውቃሉ።

«ጌታዬ፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ» አሉ አቶ ዳልጮ፤ ለትልቅም ለትንሽም «አንተ» ነው የሚሉት። «ልጄ አጥፍቶብህ እንደሆነ ስለዚህ ሣር ተወው። ነገ ወደ ወህኒ ሊወስዱት ነው። አንተ ብትናገር ይሰሙሃል፤ እኔን ማን ይሰማኛል?»

ሌላ ቀን ቢሆን «አንተ» መባላቸው ያንገበግባቸው ነበር። ያን ዕለት ግን ሣሩን አዩና «ተነሡ፣ ወንድሜ» አሉ። ቀጥሎ ወደ ውስጥ ተመልሰው ባዩሽን ለብቻዋ አቆሟት።

«አስፈታዋለሁ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ከልጁ ጋር ዓይን ለዓይን ላትገናኚ በአስናቀ አፅም ማይልኝ።»

ነፍሱ ትትረፍ እንጂ ለሷ ሌላው ምን ይሆናል? ማለች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ አባቷን ተከትላ ወደ ቀበሌ ወጣች።

ጉዳዩ የሚታይበት የቀበሌው አዳራሽ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ሊቀመንበሩ ጓድ ደበሌ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ማቴዎስ በሁለት ጥበቃዎች መካከል ቆሟል። ባዩሽ ስትገባ ቀና ብሎ ሊያያት ሞከረ፤ እሷ ግን ምላለችና መሬት መሬቱን አየች። ማቴዎስ ለደብዳቤው የእምቢታ መልስ ያገኘ መሰለውና አንገቱን ደፋ። ያ አንገት ሲደፋ ሳታየውም ታወቃት።

ምስክርነቱን የሰጠው ክንዱን ከያዙት ጥበቃዎች አንዱ፣ ኦይታ የሚባለው ነው። «እኔ ሳምንት ሙሉ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኜ አይቻለሁ። ማንም አልነገረኝም። በራሴ ነው የደረስኩበት።»

ማንም አልነገረውም! ባዩሽ የአባቷን ፊት ፈለገች። አቶ ሽበሺ ወደ ፊት እያዩ ነው። ምን ብላ ነበር የተናገረቻቸው? እሳቸው ደግሞ አላስያዝኩትም እንኳ አላሏትም።

«ጴንጤ ነህ ወይስ አይደለህም?» አለ ጓድ ደበሌ።

«በኢየሱስ አምናለሁ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አይ ማቴዎስ! «አይደለሁም» ቢል ምን ነበረበት? አንድ ቃል ነች። ያቺን ቃል እንዳይል በልቧ ስትለምን የነበረችው ግን ባዩሽ ራሷ ነበረች።

«ዛፉ ሥር ግን አልጸለይንም» ቀጠለ። «ተነፈስን።»

«ተነፈሳችሁ?» ደበሌ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ጓዶች፣ መተንፈስ ስብሰባ ይፈልጋል?» ሳቁ ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ።

ያኔ አቶ ሽበሺ ተነሡ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ልጅ...» ከዚያ አላለፉም። የአቧራው ነገር፣ የሰዉ እፍጋት፣ የጥድፊያው መንገድ፣ ከጠዋት ጀምሮ የዋጡት ሁሉ አንድ ላይ መጣ። ደረታቸው ሲጢጥ አለ። ጠረጴዛውን ለመያዝ እጃቸውን ሲሰዱ ሳቱት፤ ባዩሽ ደርሳ ያዘቻቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ኪኒኑን ከቦርሳዋ አውጥታ አዋጠቻቸው፤ ኪኒን ግን ጊዜ ይፈልጋል። «መኪና! መኪና ጥሩ!» አለ አንዱ። ሕዝቡ ሊረዳ እየተገፋፋ ያለውንም አየር ያዘባቸው።

«ወደ ኋላ በሉ!»

ማቴዎስ ነው። ሲጮህ ሰምቶት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጥበቃዎቹ ክንዱን እንደያዙት ነው።

«ጋሼ፣ ወደ እኔ ይዩ። እኔን ብቻ። እንዳያስገቡ፤ አያሳድዱት፣ ራሱ ይመጣል። መጀመሪያ ያውጡት። ከንፈርዎን ሰብሰብ ያድርጉ፣ ትኩስ ሾርባ እንደሚያቀዘቅዙ። ቀስ... አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት። ጎበዝ። አሁን ይግባ፤ እንግዳ ነው፣ አይጎትቱት። እንደገና ያውጡ። አንድ... ሁለት...»

ሾላዋ ሥር የሚሰማው ያው ዝግ ያለ ድምፅ ነው። አቶ ሽበሺ ዓይናቸውን ከዓይኑ ሳይነቅሉ አወጡ፤ አየሩ እየተቆራረጠ ገባ። ደግመው አወጡ። ባዩሽ በእጇ መዳፍ ጀርባቸው ሲነሣና ሲወድቅ ይሰማታል። በስንተኛው ቁጥር ላይ እንደሆነ አታውቅም፣ ሌላ ድምፅ ሰማች። ኦይታ ነው፤ ከንፈሩን ሰብስቦ አብሮ ያወጣል። አጠገቡ ያለችው ጉልት ነጋዴም ታወጣለች። ከኋላ ወንበር ያሉት፣ በር ላይ የቆሙት፣ በመስኮት የሚያጮልቁት፣ ሁሉም። ማንም «ተንፍሱ» አላላቸውም። ማቴዎስ አራት ሲል አዳራሹ በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ያወጣል፤ ዝም ሲል በአንድ ትንፋሽ ያስገባል። አማራው፣ ጋሞው፣ ካድሬው፣ ተከሳሹ፣ ሁሉም ከዚያው ከአንድ አየር እየተቀባበሉ። ባዩሽን አንዳች ነገር ወረራት። ቤተ ክርስቲያን ቆማ እንኳ እንዲህ ያለ ፍርሃት፣ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ፍርሃት ተሰምቷት አያውቅም።

ፉጨቱ እየቀጠነ ሄዶ ሄዶ ጠፋ። የአቶ ሽበሺ ከንፈር መልኩ ተመለሰ። ኦይታ የማቴዎስን ክንድ ከለቀቀ መቆየቱን ያየው ገና አሁን ነው፤ መልሶ አልያዘውም።

«ዛፉ ሥር የምትሠሩት ይሄንን ነው?» አለ ጓድ ደበሌ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ይሄንኑ ነው።»

ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አውልቆ እንደገና አደረገው። «ወረቀቱ ወደ ላይ ሄዷል፣ እንዲያው ልለቅህ አልችልም። ዋስ ያስፈልጋል። እንዲህ ላለው ጉዳይ ደግሞ ዋሱ የከተማ ነዋሪ የሆነ ዘመድ መሆን አለበት።»

አቶ ዳልጮ እጃቸውን አወጡ፤ የኦቾሎ ነዋሪ ናቸውና አልሆነም። ሌላ ማን አለ? አቶ ሽበሺ ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ። ብዕር ጠየቁ። ቅጹን ስበው ስማቸውን ሞሉ፣ የቤት ቁጥራቸውን ሞሉ፣ ዝምድና የሚለው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ትንሽ ቆም አለች። ከዚያ ጻፉ፤ ፈረሙ። ደበሌ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አድርጎ አነበበና ቀና አለ።

«አማች?»

«አማች።»

የሴቻ ሰው ጆሮውን አላመነም። ባዩሽም አላመነችም። «አባባ፣ መሐላው...» አለች በሹክሹክታ።

«ያስማልኩሽ እኔ ነኝ፣ የፈታሁትም እኔ ነኝ» አሉ ሳያዩዋት። «አስናቀም ይፈታዋል። ደግ ልጅ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። ጠዋት የተናገርኩትን...»

«ዝም በይ። ያላስያዝኩት ስለኮራሁ ነው እንጂ ስለወደድኩት አልነበረም። አሁን ነው የወደድኩት።»

ጓድ ደበሌ ግን ቀላል ሰው አልነበረም። ወደ ማቴዎስ ዞረ። «አንተ ውሸት አትናገርም መሰለኝ። እውነት ነው? የሰውዬው አማች ነህ?»

ባዩሽ ደነገጠች። ይህ ሰው ራሱን ለማዳን እንኳ ሐሰት እንደማይናገር አይታለች። አይደለሁም ይላል፤ ይላል እንጂ! ማቴዎስም የሆነውን ተናገረ።

«ጋሼ ለእኔ ብለው ነው የጻፉት። እኔ በበኩሌ ጥያቄዬን በደብዳቤ አቅርቤያለሁ። መልስ አላገኘሁም። መልሱ ያለው እሷ ጋ ነው።»

መቶ ፊት ወደሷ ዞረ። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ምን ይለኛል ብላ ያደገች፣ ድምፅዋ ከጎረቤት አጥር አልፎ የማያውቅ የአቶ ሽበሺ ልጅ!

«ነው» አለች።

«አልተሰማም» አለ ጓድ ደበሌ፣ ብዕሩን አንሥቶ። «ለቃለ ጉባኤ ነው፣ ጮክ በይ።»

ባዩሽ ቀጥ ብላ ቆመች። «ነው! አማቻቸው ነው። እኔ አግብቼው ነው አማች የሚሆነው፤ አገባዋለሁ። ባዩሽ ሽበሺ ብለህ ጻፍልኝ!»

አንዷ ከኋላ እልል አለች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት። አቶ ዳልጮ የአቶ ሽበሺን እጅ ይዘው በጋሞኛ ብዙ ነገር ይላሉ፤ ሰውዬው አንዱም ሳይገባቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ባዩሽ ይህን ሁሉ በሩቁ ሰማችው። ማቴዎስ እያለቀሰ ነበር። በሰው ፊት፣ በአባቷ ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትሰርቅ አየችው፤ እስኪበቃት አየችው። ደስታ እንዲህ ከባድ፣ እንዲህ የሚያስፈራ ነገር መሆኑን ማንም ነግሯት አያውቅም ነበር።